ጉርምርምታውን ያጠፋው ሰው

በዚያ ሰፈር ሬዲዮ ሲታፈን፣ ቴፕ ክር ሲያላምጥ፣ ማራገቢያ አልዞርም ሲል የሚወሰደው ቀስበል ዘንድ ነው። ቀስበል የወጣለት ስም አይደለም። ዕቃ ይዞ የመጣ ሁሉ «ቶሎ ይደርሳል?» ሲለው «ቀስ በል» ከማለት ሌላ መልስ ስለማያውቅ በዚያው ቀረበት። ትንሽ ትልቁ ጋሽ ቀስበል ይለዋል፤ ሚስቱም ስትናደድ በሱ ነው የምትጠራው።

ሱቃቸው ጠባብ ናት። መሃሏ ላይ መጋረጃ ተጋርዶ በመንገዱ በኩል ሚስቱ ልብስ ትሰፋለች፤ በጓሮ በኩል እሱ ይፈታታል። ሚስቱ ጨዋታ ትወዳለች። እሱ ሰው ፊት ቆሞ ሁለት ቃል ከተናገረ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል። ስለዚህ ደንበኛ የምትቀበለው እሷ ናት፤ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ይሰማል፤ የግድ ሲሆን ብቻ እንደ ኤሊ አንገቱን ብቅ ያደርጋል።

ፊደልም ብዙ አይሄድለትም። ቁጥር ያውቃል። ፊደሉን ግን አንድ በአንድ እየለቀመ ስለሆነ መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ታዲያ የዕቃውን ባለቤት ስም በመጻፍ ፈንታ ፕላስተር ቆርጦ ዕቃው ላይ ይለጥፍና ሥዕል ይሥልበታል። ለአናጢው መዶሻ፣ ለአስተማሪዋ ጠመኔ፣ ለመነጽራሙ ሁለት ክብ። አንድ ቀን ሁለት መነጽራሞች ተከታትለው መጡና ሬዲዮኖቻቸው ተቀያይረው ሄዱ። ደግነቱ እስከ ዛሬ አንዳቸውም አላወቁ።

ሥራው ላይ ግን አይታማም። ከሱ እጅ የወጣ ዕቃ ጸጥ ያለ ነው። ዘፈኑ ሲቆም ዝም ይላል፤ ዜናው ሲያልቅ ዝም ይላል። ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ትንሽ «እምምም» የሚል ነገር ከሰማ፣ ባለቤቱ ደጅ ቆሞም ቢሆን መልሶ ይፈታዋል። ከውስጥ ያወጣውን የበሰበሰ ዕቃ ደግሞ እንዲሁ አይጥለውም። አንዱ አጭበርባሪ ለቅሞ «አዲስ ነው» ብሎ እንዳይሸጠው በፒንሳ ጨፍልቆ ነው ቆርቆሮ ውስጥ የሚከተው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አደረገ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር። ከቦርሳዋ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ግራጫ ሣጥን አወጣች። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ፣ ካሴት የሚጎርስ የድሮ ጌም ነው።

«ማብሪያዋ ነው እትዬ» አለቻት ሚስቱን። «ስጫናት ተመልሳ ትወጣለች። ማብሪያዋን ብቻ።»

«ለልጅሽ ነው?»

«የራሴ ነው።»

«አላገባሽም እንዴ?»

«አላገባሁም።»

«በዚህ ዕድሜሽ ጌም እየተጫወትሽ ማን ያግባሽ!» አለችና ሚስቱ ሳቀች። ትኬት ቆራጯም ሳቀች። «ጨዋታ አይደለም እትዬ፣ ሙዚቃ ነው የምሠራባት። ቅዳሜ ከሰዓት ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሰው ፊት አቀርባለሁ። አደራችሁን።»

ቀስበል ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ይህን ሁሉ ሰማ። በጌም እንዴት ሙዚቃ ይሠራል የሚለው አልገባውም፤ ለመጠየቅ ግን አፈረ። ፕላስተሩ ላይ ትኬት ሣለ።

ማብሪያዋ ቀላል ነበረች። ረቡዕ ጠዋት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጨረሳት። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ ለመሞከሪያ ያስቀመጣት ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ አበራውና ጆሮውን ስፒከሯ ላይ ለጠፈ። እምምም። ይቺን ይወዳል! ፈታው። ኤሌክትሪኩን የሚያጣሩት፣ በርሜል የሚመስሉት ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እግራቸው ሥር ቡናማ ፈሳሽ አንጠባጥበዋል። ነቀላቸው፤ አዲስ በየደ፤ አሮጌዎቹን ጨፈለቃቸው። መልሶ ሲያበራው ዝም። ዝምታው ደስ አለው። ለማብሪያ ብቻ ነው የመጣችው፤ ይሄ ምርቃት ይሁናት አለ በልቡ። እንዲያውም ስትደሰት ለማየት ልትወስደው የምትመጣበትን ሐሙስ ናፈቀ፤ እሱ ሰው ፊት መቆም የናፈቀበትን ቀን ሚስቱ አታስታውስም።

ሐሙስ በምሳ ሰዓቷ መጣች። ቀስበል ራሱ ሣጥኑን ይዞ ከመጋረጃው ወጣ። ትንሿ ቴሌቪዥን ላይ ሰካላት፤ እሷም ካሴቷን አጎረሰችው። የሚዘል የሚሮጥ ነገር ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ ጥቁሩ መስታወት ላይ ቁጥርና ፊደል በአምድ በአምድ ተደርድሮ መጣ፤ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ፣ የመብራት ቆጣሪ ይመስል። ጌሙ የት አለ? ትኬት ቆራጯ አንዱን ቁልፍ ነካች። ቁጥሮቹ ወደ ላይ መንሸራተት ጀመሩ፤ ከቁጥሮቹ ውስጥ ዜማ ወጣ። ቀስበል አፉን ከፈተ።

እሷ ግን አቆመችው። እንደገና አስጀመረችው። አሁንም አቆመችውና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዝም ያለውን ስፒከር አዳመጠች።

«ጋሼ፣ ድምፅዋ የት ሄደ?»

«ይሰማል እኮ።»

«እሱን አይደለም። ከኋላው የነበረው። ሁልጊዜ የሚለው… እምምም የሚለው።»

«እሱንማ አጠፋሁት!» አለ ቀስበል፤ ላቡም አልመጣም። «ንጹሕ አድርጌልሻለሁ። እሱን ደግሞ አላስከፍልሽም፣ ምርቃት ነው።»

ትኬት ቆራጯ ሚስቱ የቆረጠችው ጨርቅ ክምር ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ የሳቀች መሰለው። ቀጥሎ ዓይኗን ሲያይ አለመሆኑን አወቀ።

«ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ያለችው ቺፕ አራት ድምፅ ነው ያላት። ሁለት ቀጫጭን አሉ። አንድ ወፍራም አለ። አንድ ደግሞ ሽሽሽ የሚል፣ ከበሮ የማደርገው። ሌላ የላትም። የድሮ ሰው በነዚህ በአራቱ ነው ጌም ሁሉ ያስጮኸው። አምስተኛው የኔ ነበር።»

«አምስተኛው ብልሽት ነው እኮ» አለ ቀስበል።

«አውቃለሁ ብልሽት እንደሆነ! ሦስት ዓመት ሙሉ ዜማዬን ሁሉ ያቆምኩት እሱ ላይ ነው። መሬቴ ነበር። አሁን ሲጫወት አይሰማዎትም? አየር ላይ ነው የቆመው።»

ሚስቱ መርፌዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ጣልቃ ገባች። «ካራቱ አንዱን እንደሱ እምም አስብዪዋ።»

«አራቱም ሥራ ላይ ናቸው እትዬ። አንዱን ካነሳሁ ቤቱ ይፈርሳል።» ከዚያ ወደ ቀስበል ዞረች። «ይመልሱልኝ ጋሼ። የነበረውን ብቻ ይመልሱልኝ። ቅዳሜ ነው።»

ቀስበል ወደ ጓሮ ገብቶ ቆርቆሮውን አየ። ሁለቱ ካፓሲተሮች እንደተረገጠ የሲጋራ ቁራጭ ተጠፍጥፈው ከላይ ተኝተዋል። «ቀስ…» ሊል ጀመረና ዋጠው። «እሺ» አለ። ምኑን እሺ እንዳለ ግን እሱም አላወቀ።

እሷ ስትወጣ ሚስቱ መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ዕቃዬን አስተካከልክብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ አየሁ። ይሄንንም አየሁ!»

እሱ አልሳቀም። ራሱ ዞሮበታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደህና ዕቃ ፍለጋ ሲንከራተት ኖሯል፤ የተበላሸ ፈልጎ አያውቅም፤ ከየት እንደሚጀመርም አያውቅም። ቆርቆሮውን ገለበጠው፤ ሁሉም ጭፍልቅ ነው። አንድ እንኳ አላመለጠውም። በገዛ እጁ እንዲህ ጎበዝ በመሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደ።

መንገዱን ተሻግሮ ባለ ቴሌቪዥኑ ጋ ሄደ። ባለ ቴሌቪዥኑ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፤ የልብ ወዳጁም ነው፣ ተፎካካሪውም ነው።

«ካፓሲተር ፈልጌ ነበር» አለ ቀስበል፣ መሬት መሬቱን እያየ። «የተበላሸ።»

«የምን?»

«የተበላሸ።»

«አንተ ሰውዬ ደህና ነህ?»

«በጣም የተበላሸ አይደለም። መካከለኛ የተበላሸ።»

ባለ ቴሌቪዥኑ ካቻቢቴውን አስቀመጠና አጠገቡ ወደሚሠሩት ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ጮኸ። «ኧረ ይምጡ ጋሼ! ቀስበል የተበላሸ ይፈልጋል፤ ያውም መርጦ!»

«የኔን ጉልበት ይውሰዳ» አሉ ሰዓት ጠጋኙ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «መካከለኛ የተበላሸ ነው።»

ሳቁ። ቀስበልም ላቡን እየጠረገ አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ባለ ቴሌቪዥኑ ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ ከጥራጊው ውስጥ ሦስት ለቅሞ ሰጠው።

የመጀመሪያውን ሲበይደው ሣጥኑ ጭራሽ አልበራም። ሁለተኛው እንደተረገጠ ውሻ ጮኸ። ሦስተኛው ሽሽሽ አለ እንጂ እምም አላለም። ቀስበል ቁጭ ብሎ ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ብልሽት እንዲህ ዓይነት ዓይነት አለው እንዴ? ሁሉንም «ብላሽ» ብሎ ሲጨፈልቅ የኖረው ለየብቻ መሆናቸውን ሳያውቅ ኖሯል?

ሐሙስ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ድሮ የረሳት አንዲት ሴትዮ ትዝ አለችው። ባሏ የሞተባት ናት፤ የባሏን ሬዲዮ አምጥታ ነበር። ይንጫጫ ነበር ሬዲዮው፤ ጸጥ አድርጎ ሰጣት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀብላው ደጃፉ ላይ ቆም አለችና «አሁን ቤት ውስጥ ሰው የሌለ ይመስላል» አለች። ያኔ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። አሁንም ገባኝ ለማለት አይደፍርም። ግን ከዚያ በኋላ ወደ ሱቁ ተመልሳ አለመምጣቷን አሁን ነው ያስተዋለው።

ዓርብ ረፋድ ላይም ሁለት ሞከረ። አልሆነም። ለምሳ ቤት ሄዱ። ሚስቱ ሳህን እያቀረበች ወጥ ቤት መስኮት ላይ ያለውን ሬዲዮ ከፈተችው። ቀስበል ጉርሻውን አፉ ጋ አድርሶ አቆመው።

«ዝም በይ!»

«ምን ተናገርኩ?»

«እኮ ዝም በይ!»

ዜና አንባቢው ትንፋሽ ሲወስድ ከኋላው ይሰማል። እምምም። አሥር ዓመት ሙሉ አብሯቸው የኖረ ጉርምርምታ ነው። የሰው ሲጠግን የራሱን ነገ ነገ እያለ የተወው። ተነስቶ ገመዱን ነቀለ፤ የጀርባ ክዳኑንም በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ ከፈተው።

«አንተ!» አለች ሚስቱ። «አሥር ዓመት ለምኜህ፣ አሥር ዓመት ቆሜ ጠይቄህ፣ ዛሬ ለትኬት ቆራጭ ብለህ ምሳህን ጥለህ ትነሳለህ?»

«አዲስ አስገባልሻለሁ።»

«መቼ?»

«ቀስ…»

«እንዳትጨርሳት!»

ከሬዲዮው የነቀለውን ካፓሲተር ይዞ ሮጦ ሱቅ ገባና ሣጥኑ ላይ በየደው። መጠኑም ገጠመ ማለት ይቻላል። ሲያበራው ሣጥኑ እምምም አለ። ቀስበል ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም ደነገጠ። ብልሽት ሠርቶ ደስ ይለዋል እንዴ ሰው?

አመሻሹ ላይ ትኬት ቆራጯ ከሥራ በቀጥታ መጣች። አበራላት። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

«እሷ አይደለችም» አለች ቀስ ብላ። «የኔዋ ዝቅ ያለች ነበረች። ይሄ ጉሮሮውን ይጠርጋል።»

የቀስበል ትከሻ ወረደ። «ነገ ጠዋትም እሞክራለሁ፤ ሌላ ሰፈር ሄጄ…»

«ቆይ።» ዜማዋን አስጀመረችው። ቁጥሮቹ ተንሸራተቱ። አቁማ እንደገና አስጀመረችው። ግንባሯ ተጨማደደ። «ግን ገጠመ። ሌላ ሆኖ ሳለ ልክ እኔ ዜማዬን ያቆምኩበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ለምን ገጠመ?»

ይቺን ቀስበል ያውቃታል። «ጉርምርምታው የሣጥኑ አይደለማ። ከግድግዳው ነው የሚመጣው፣ ከኤሌክትሪኩ። የትም ቤት ብትሄጂ ያው ነው፤ ዕቃው ሲበሰብስ ያሾልከዋል እንጂ እሱ አይፈጥረውም።»

ትኬት ቆራጯ ግድግዳውን አየችው። «ታዲያ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ጋር ነው የዘፈንኩት?»

«እንደዚያ መሰለኝ።»

ሁለቱም ሶኬቱን አዩት። ከዚያ ቀስበል የደበቀውን አወጣ። «ልጄ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ይሄ ያስገባሁት ዕቃ አርጅቷል። ብዙ ሲቆይ ይግላል፤ ከጋለ ሊፈነዳም ይችላል፤ ከፈነዳ ቺፗን ይዟት ይሄዳል። ቺፗን ደግሞ ከየትም አላመጣልሽም። አጠገቧ የሚያውቅ ሰው መቀመጥ አለበት።»

«ይምጣላ!»

«ማን?»

«እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

«እኔ? ሰው ፊት?»

«ይመጣል!» አለች ሚስቱ ከመጋረጃው ወዲያ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ስልሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ቀስበል ከጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ተሰጥቶት፣ ካቻቢቴውን ደረት ኪሱ ሰክቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቆ ተቀምጧል። ሚስቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ቀና በል እያለች በአገጯ ታዘዋለች።

ትኬት ቆራጯ አበራችው። ጉርምርምታው በትልልቆቹ ስፒከሮች ወጣ። ስልሳ ሰው የሱን ብልሽት እየሰማ ነው! ከዚያ ድምፆቹ ገቡ። ሁለቱ ቀጫጭኖች በአጥር ላይ እንደሚነታረኩ ጎረቤቶች እየተቀባበሉ ነው፤ ወፍራሙ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል፤ ሽሽሽ የሚለው መጥረጊያ ይዞ ከኋላ ከኋላቸው ይጠርጋል። ደስ የሚል ነው? ወይስ የሚያናድድ ነው? አልለይልህ አለው። ሰው አይቶ ለመወሰን ሞከረ። ፊት ለፊት ያለው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ተመስጦ ነው ወይስ ተኝቶ? አንዲት ባልቴት ጆሯቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ደፍነው ነው ወይስ ራሳቸውን ደግፈው? ሚስቱን አየ። ሚስቱ አፏን ከፍታ ነበር፤ እሷ አፏን ከፍታ ሳትናገር መቼ አይቷት ያውቃል!

ጥቂት ቆይቶ ጉርምርምታው መወፈር ጀመረ። ሌላ ሰው አላስተዋለም፤ ቀስበል አስተዋለ። ዕቃው እየጋለ ነው። እጁ ሳያዘው ወደ ማብሪያዋ ሄደ። ትኬት ቆራጯ በዓይኗ ጥግ አይታው አይሆንም በሚል ራሷን ነቀነቀች። እጁን መለሰውና ተቀመጠበት።

ከዚያ እሷ ድምፆቹን አንድ በአንድ ታነሳቸው ጀመር። መጥረጊያው ቆመ። ወፍራሙ ደረጃው ላይ ቀረ። አንዱ ቀጭን ሄደ፤ ሌላው ብቻውን ትንሽ ተነታርኮ እሱም ሄደ። እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። የቀረው እምምም ብቻ ነው። ማንም አላጨበጨበም። አለቀ? አላለቀም? ይሄን አልነገረችውም። እሷ ሣጥኑን ታያለች። ሰው ሁሉ ደግሞ ማብሪያዋ አጠገብ የተቀመጠውን እሱን ያያል። ግንባሩ ላብ በላብ ሆነ።

ጉርምርምታው አዳራሹን ሞላው። ቀስበል ልማዱ ሆኖ ጆሮውን ጣለበት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊያጠፋው ሲያዳምጠው ኖሯል፤ ሳያጠፋው ግን አዳምጦት አያውቅም። ውስጡ ጥቃቅን ነገር አለ፤ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ተዋት፣ ትንሽ ትቆይ አለው ጆሮው። በዚህ መሃል አፍንጫው አንድ ነገር ነገረው። የከረመ ዓሣ የመሰለ ሽታ። ካፓሲተር ሊፈነዳ ሲል የሚሸተው ሽታ።

ማብሪያዋን ተጫነ።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ጸጥ እንደሚለው፣ አዳራሹ ድንገት ባዶ ሆነ። አንድ ሰው ብቻ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፤ እየተነሱ ነው የሚያጨበጭቡት። ለሷ ነው? ለጉርምርምታው ነው? ለዝምታው ነው? ቀስበል ወንበሩን ይዞ ቀረ።

ትኬት ቆራጯ ትከሻውን ጨምድዳ ያዘችው። «እንዴት አወቁ ጋሼ? እኔ እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ የት ላይ እንደማቆመው አጥቼው ነበር። ልክ እዚያች ላይ! እንዴት አወቁ?»

«ሸተ…» ብሎ ጀመረ ቀስበል። ፊቷን አየው። ሰዎቹን አያቸው። ቀድሞ ክዳኑ መፈታት አለበት፣ ቺፗ ደህና መሆኗን ማየት አለበት፤ ይህን ሁሉ ሊነግራት ፈልጎ የትኛው እንደሚቀድም ጠፋበት።

ሚስቱ ሰው እየገፋች መጣች። ዓይኗ ያበራል። አጠገባቸው ስትደርስ ግን ፊቷን አኮሳተረችና አየሩን ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረገች።

«እናንተ» አለች፣ «የሆነ ነገር አይሸታችሁም?»

ቀስበል ካቻቢቴውን ከደረት ኪሱ መዘዘ።